ባለ ሦስት ፈረሱ ፓምፕ

ጥቅምት 5

ይድረስ ለምወድሽ ለአጎቴ ልጅ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከነባለቤቴና ከነልጆቼ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። እጅሽን ይባርከው፤ ደጃፍሽም ሥራ አይጣ።

ስልክ ብደውል አታነሺም። በሰው ብልክብሽ «እሺ» ትዪና ዝም ነው። እንግዲያው እንደ ድሮው ሰው ይሁን ብዬ ብዕር አነሳሁ። እዚህ የመኪና እጥበቱ ሥራ ቀንቶኛል። ሁለተኛ ቅርንጫፍ ከፍቻለሁ፣ ስምንት ሰው ቀጥሬአለሁ። ጨርቅና ባልዲ ይዞ የጀመረው ሰውዬ ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዛል ብልሽ አታምኚኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ግቢያችን ውስጥ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ መዋኛ እያሠራሁ መሆኑን ሳትሰሚ አትቀሪም። ግንበኛው ጨርሷል፤ የቀረው ፓምፕና ማጣሪያ መግጠም ነው። ማጣሪያውን ሥራውን የሚመራልኝ ፎርማን እዚያው ገዝቶታል። ፓምፑን ግን እኔ ራሴ አማርጬ ከዚህ ልኬዋለሁ። ባለ ሦስት ፈረስ ጉልበት ነው፤ ሲነሳ መሬት ያንቀጠቅጣል።

የሚገጥመው ሰው ነው የቸገረኝ። እዚያ ያሉት ገጣሚዎች ዓይኔ እያየ ይበሉኛል፤ ጭራሽ በሌለሁበትማ! በዘራችን ፓምፕ የሚያውቅ ካንቺ ሌላ ማን አለ? የአጎቴ እጅ የቀረው ባንቺ ላይ ነው። በጥር አጋማሽ አማቶቼ ከሚስቴ ጋር መጥተው ሁለት ሳምንት ሊያርፉ ነው። አማቴን አታውቂውም። አገር ቤት ቤት አለኝ ባልኩት ቁጥር «በፎቶ አይቼዋለሁ» እያለ ዐሥራ አንድ ዓመት ያላገጠብኝ ሰው ነው። ያ ውኃ ጠርቶ፣ ሰማያዊ ሆኖ እንዲጠብቀው እፈልጋለሁ።

በአጎቴ ወርክሾፕ ነገር እንደተቀየምሽኝ አውቃለሁ። ያለፈው አልፏል፤ የአንድ ግቢ ልጆች ነን። እምቢ እንደማትዪኝ በመተማመን፣

የአጎትሽ ልጅ

—

ጥቅምት 22

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ ደህና መሆናችሁን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። ሥራዎም እንዲሁ ይስፋልዎ። እኔ አለሁ።

ስልክዎን የማላነሳው በኩራት አይደለም። አባቴ ታሞ በተኛበት ሰሞን፣ አፉ ላይ ጆሮዬን ደቅኜ እንኳ ድምፁ በማይሰማኝ ጊዜ፣ «ወርክሾፑን በስልክ ሰጥቶኛል» አሉ። በቦታው ያልነበሩ ሁለት ሰዎች ዳኛ ፊት ቆመው «ሰምተናል» ብለው ማሉልዎ። ወርክሾፑ ገባልዎ። ለኔ የቀረልኝ የሰው አፍ ነው፤ «አባቷ እንኳ ያላመናት» ይሉኛል፣ ሞተር ሊያስጠግኑ የሚመጡት ጭምር። ከዚያ ወዲህ በስልክ የተባለ ነገር ሁሉ ያስፈራኛል። ስለዚህ በዚህ ሥራ የምንነጋገረው በወረቀት ይሁን። ትእዛዝዎን ይጻፉ፣ ከታች ይፈርሙ፤ እኔም እንደተጻፈው እሠራለሁ። ደመወዝ አልፈልግም።

ግቢው ሄጄ ነበር። ዘበኛዎ፣ ተወልጄ ባደግሁበት በር ላይ፣ «ማን ልበል?» አለኝ። ብሎን በላቸው አልሁት። አባቴ ያወጣልኝን ስም ከርስዎ በቀር የሚያውቀው ሰው እዚያ ግቢ የቀረ አልመሰለኝም። ወርክሾፑ እንደተቆለፈ ነው። በመስኮቱ ሽንቁር አየሁ፤ ብረት መያዣው ሞርሳ ጠረጴዛው ላይ እንደታሰረ ነው፣ የአባቴም ሽርጥ ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ። እኔ አሁን የተቃጠለ ሞተር ሽቦ የምጠቀልለው በመንገድ ዳር አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ ደንበኛ ሲገባ እኔ መውጣት አለብኝ። ይህን የጻፍሁት እንዲያዝኑልኝ አይደለም። እንዳልረሳሁት እንዲያውቁት ነው።

ወደ ሥራው ልምጣ። መዋኛውን ለካሁት፤ ርዝመቱ ዐሥር ሜትር፣ ወርዱ አምስት፣ ጥልቀቱ በአማካይ አንድ ተኩል። ሰባ አምስት ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ማጣሪያው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ በሰዓት ዐሥር ሜትር ኩብ ይላል። ስምንት ሰዓት ቢሠራ ያንን ሁሉ ውኃ አንድ ጊዜ ያሳልፈዋል ማለት ነው፤ ለቤት መዋኛ ይበቃል። የላኩት ፓምፕ ግን በሰዓት ሠላሳ ይገፋል። ማጣሪያው ውስጥ ያለው አሸዋ ነው። አሸዋ ቆሻሻ የሚይዘው ውኃው ቀስ ብሎ ሲያልፍበት ነው። በሦስት እጥፍ ከገፉት አሸዋውን ሰንጥቆ ለራሱ መንገድ ያወጣል፤ ቆሻሻውን እንደያዘ ይመለሳል፣ አሸዋውንም ጭኖ መዋኛው ውስጥ ይደፋዋል። ከባሰ ማጣሪያው ራሱ ይሰነጠቃል። በሻይ ማጥለያ ላይ አንድ ባልዲ ውኃ እንደመድፋት ነው።

የሚበቃው ባለ ሦስት አራተኛ ፈረስ ነው። እኔ ዘንድ አንድ አለ፤ አባቴ በመጨረሻ የጠገነው ነው። በቤቱ ተራ የመብራት መስመር ይሠራል። ይፍቀዱልኝና እሱን ልግጠም።

አክባሪዎ፣ ብሎን

—

ኅዳር 6

ብሎኔ!

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ። ደብዳቤሽን ለሚስቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። «ለተከበሩ»? አንድ ጭቃ ላይ አብረን ተንከባለልን! ኧረ ባክሽ ይሄን «እርስዎ» ተዪኝ፤ ፂሜ እየሸበተ መሰለኝ።

ወረቀት ካልሽ ወረቀት ይሁን፤ ይኸው እየጻፍኩ ነው። ስላለቀ ክርክር ግን አታንሺብኝ፤ በጥሩ ቀን ክፉ ነገር ምን ያደርጋል?

አሁን ስሚኝ። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባለሙያ ነበር፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ ትናንሽ ነገር ሲጠጋግን አለፈ። አንቺም መንገዱን ይዘሻል። እኔ ሃያ ዓመት መኪና ሳጥብ አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ የሚያጸዳው ግፊት ነው። የደረቀ ጭቃ በልመና አይለቅም። ደህና ጠመንጃ የመሰለ የውኃ መርጫ ትይዣለሽ፣ ትለቂበታለሽ፣ አበቃ። ጎረቤቴ ያለው ባለ አንድ ተኩል ነው፤ የሱ ውኃ መስታወት ከመሰለ የኔማ ባለ ሦስቱ ምን ሊሆን ነው? ማጣሪያው ደግሞ ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ብረት አይደለም እንዴ! ሽቦ መጠቅለል ሌላ፣ የመዋኛ ነገር ሌላ ነው።

ስለዚህ ትእዛዜ ይህ ነው፤ ባለ ሦስት ፈረሱ ይገጠም። ያንን አሮጌ ቆርቆሮ እዚያው አቆዪው፤ አማቴ ፊት አታውጪብኝ። ፈርሜአለሁ፤ ደስ ይበልሽ።

ወንድምሽ

—

ታኅሣሥ 1

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎ ሁሉ ሰላም እንደሚሆን ተስፋዬ ነው። ሳቃችሁም አይጉደል፤ ሳቅ ለጤና ጥሩ ነው ይላሉ ሐኪሞች።

መልሴ የዘገየው የመብራት ቢሮው ሲያመላልሰኝ ስለቆየ ነው። ትእዛዝዎ ደርሶኛል፤ ከፊተኛው ደብዳቤ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ማጣሪያው ብረት አይደለም፣ ፋይበር ነው፤ በጥፍርዎ ቢነኩት ያውቁት ነበር። መኪና ሲያጥቡ ቆሻሻው ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ቆሻሻውን መያዝ አለብን፣ ውኃውም ያው ተመልሶ የሚመጣው ነው። ለሁለተኛ ጊዜ እነግርዎታለሁ፤ ወይ ፓምፑ ይነስ ወይ ማጣሪያው ይደግ። ለባለ ሦስቱ የሚሆን ማጣሪያ ወገብዎን በእጥፍ የሚያህል ነው፤ ከተማው ውስጥ አጥቼዋለሁ።

ሌላ ነገርም አለ። የላኩት ፓምፕ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ እንደ ፋብሪካ ማሽን ኃይለኛ የመብራት መስመር ይፈልጋል። ቤቱ ያለው ተራ መስመር ነው፤ ፓምፑን አያስነሳውም። ለቤቱ አዲስ መስመር ቢጠየቅ ወረፋው ከአምስት ወር ያልፋል። በግቢው ውስጥ ባለ ሦስት ፌዝ ያለው ወርክሾፑ ብቻ ነው። እሱም አባቴ ከሞተ ጀምሮ ተቋርጧል፤ ቆጣሪው በስሙ ነው።

የቢሮዋ ጸሐፊ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መዝገቡን አየችና፣ «ቦታውም ቆጣሪውም በሟች ስም ነው። ቦታውን ይዞ ያለው ሰው፣ የሟች መሆኑን፣ ወራሹ ማን እንደሆነ፣ ያዢው ራሱ ምንም የይገባኛል ጥያቄ እንደሌለው በእጁ ጽፎ፣ ባለበት አገር ማኅተም አስመትቶ ይላክ። ያኔ መብራቱን በወራሹ ስም እንቀጥላለን» አለችኝ። ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍሁልዎ።

ይህን ይጻፉልኝ ብዬ አልለምንዎትም። ትንሹን ፓምፕ ግጠሚ ካሉኝ ቢሮም፣ ወረቀትም፣ ወርክሾፕም አያስፈልግም። ከበረንዳው ሥር አስቀምጬ በሁለት ቀን እጨርሳለሁ። ምርጫው የርስዎ ነው።

አክባሪዎ፣ ብሎን

—

ታኅሣሥ 17

ለብሎን፣

ሰላም ነሽ? ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። ሚስቴ ትኬቱን ቆርጣለች። አማቴ የዋና ልብስ ገዝቶ ሳሎኔ መሀል ለብሶት ወጣ፤ ልጆቼ እስካሁን እየሳቁ ነው። አንቺ ደግሞ ስለ ፋይበርና ስለ ወገቤ ትጽፊልኛለሽ።

ትንሽ ፓምፕ አልፈልግም ብያለሁ። አንድ ቃል ስንት ጊዜ ይባላል? ለአንዲት የቢሮ ጸሐፊ ብዬ እኔ ትንሽ ሰው አልሆንም። የፈለገችውን ወረቀት ይኸው ጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ ልኬልሻለሁ። ማኅተም የሚመታው ሰውዬ «እርግጠኛ ነህ?» ቢለኝ የመብራት ጉዳይ ነው አልኩት። ለወረቀት ያህል ነው መቼም፤ መብራቱ ይምጣልኝ እንጂ በማን ስም እንደመጣ ምን ቸገረኝ። ዘበኛው ቁልፉን እንዲሰጥሽ ነግሬዋለሁ። ፓምፑንም ማጣሪያውንም እዚያው ወርክሾፑ ውስጥ ትከዪው።

እስከ ጥር 15 ይለቅ። ፈጣሪ ይርዳሽ።

ወንድምሽ

(አብሮ የተላከው ወረቀት)

ለሚመለከተው ሁሉ። በግቢው የኋላ ክፍል የሚገኘው ወርክሾፕ ከነቦታው የሟቹ አጎቴ ነው። ብቸኛ ወራሹ ሴት ልጁ ናት። እኔ በዚህ ቦታ ላይ አሁንም ሆነ ወደፊት ምንም ዓይነት የይገባኛል ጥያቄ የለኝም። መብራቱ በስሟ እንዲቀጠልላት ስል ይህንን በገዛ እጄ ጽፌ ፈርሜአለሁ።

—

ጥር 10

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ወረቀቱ ደርሶኛል። የእጅ ጽሑፍዎ እንደ ልጅነታችን አሁንም ያምራል፤ ማኅተሙም ጥርት ብሎ ወጥቷል። ጸሐፊዋ አንብባ «ይኸው፣ እንዲህ ነው የሚጻፈው» አለች። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ተቀጠለ።

ወርክሾፑን ከፈትሁት። መጀመሪያ ያደረግሁት ሽርጡን ማራገፍ ነበር። ኪሱ ውስጥ እርሳስና አንድ ብሎን አገኘሁ፣ ቆሜም አለቀስሁ። ይህንንም እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ከዚያ ሥራዬን ሠራሁ። ፓምፑን ኮንክሪት ላይ አሰርሁት፤ ማጣሪያውን አጠገቡ ተክዬ ቧንቧዎቹን በግድግዳው አሳልፌ አገናኘሁ። አንድ ብሎን የላላ የለም፣ አንድ ጠብታ የሚያፈስ ቦታ የለም። ያሳየኋቸው ባለሙያዎች ሁሉ በአገጣጠሙ እንከን አላገኙበትም፤ በፓምፑ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አስነሳሁት። የግፊት መለኪያው መርፌ በአንድ ጊዜ ተስፈንጥሮ ቀዩ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያም አልወረደም።

በትእዛዝዎ መሠረት ተፈጽሟል። በዚህ ማጣሪያ ይህ ፓምፕ ውኃውን ያደፈርሰዋል፣ አሸዋም ይተፋል። ይህ ሦስተኛዬ ነው፤ አራተኛ አልናገርም። ለእንግዶችዎ መልካም ቆይታ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣ ብሎን

—

የካቲት 3

አንቺ ሴትዮ፣

ዛሬ ሰላምታም ምርቃትም የለኝም።

ምን አደረግሽኝ? ሚስቴ የመጀመሪያውን ቀን «ትንሽ ነጣ ብሏል» አለችኝ። በሁለተኛው ቀን የገዛ እግሯ አልታያት አለ። አማቴ ያንን የዋና ልብሱን ለብሶ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየው፣ ዘሎ ገባ። ሲወጣ ከጸጉሩ አሸዋ እየረገፈ ነው። «የኔ ልጅ፣ ባልሽ ኖራ ጉድጓድ ነው እንዴ ያስቆፈረው?» አላት። በሦስተኛው ቀን ሻንጣቸውን ይዘው ሆቴል ገቡ። አሁን በየቤተ ዘመዱ ስሜ ኖራው ሆኗል። ሚስቴ ከተመለሰች ጀምሮ ከ«ብላ» እና ከ«ዝጋው» በቀር አታናግረኝም።

ሆን ብለሽ ነው! ቂምሽን በውኃ ተወጣሽ። ፎርማኑን ላኩበት፤ እሱም አገጣጠሙን አይቶ «ምንም ጥፋት የለበትም፣ ጌታዬ፣ ፓምፑ ነው» ይለኛል። ምን አጠጥተሽው ነው?

ደግሞ ዘበኛው ከፍርድ ቤት የመጣ ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል አለኝ። ማንበብ ስለማይችል የሚለውን ሊነግረኝ አልቻለም። የምን ወረቀት ነው? ስለሱ የምታውቂው አለ?

በመጋቢት መጨረሻ የሚስቴ ወንድሞች ይመጣሉ። ያለኝ ዕድል ይሄው ነው። እባክሽ፣ የፈለግሽውን ፓምፕ ግጠሚ፤ ያንን የአጎቴንም ቢሆን ግጠሚው። ብቻ ውኃው ይጥራልኝ። ብሎኔ፣ እህቴ፣ እጅሽ ላይ ነኝ።

የአጎትሽ ልጅ

—

መጋቢት 6

ለአጎቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። «እርስዎ» ተዪኝ ብለኸኝ ነበር፤ ይኸው ተውሁ።

አንድ ወር የቆየሁት ዳኛው ሳይጨርሱ ልጽፍልህ ስላልፈለግሁ ነው። በር ላይ የተለጠፈው ያንተ መጥሪያ ነበር፤ ጠበቃህ ነግሮህ ይሆናል። ከሦስት ዓመት በፊት ዳኛው «በጽሑፍ ማስረጃ ካላመጣሽ ቦታው በሱ እጅ ይቆያል» ብለው አሰናብተውኝ እንደነበር ታስታውሳለህ። አመጣሁላቸው። ጮክ ብለው አነበቡት፤ «አሁንም ሆነ ወደፊት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ጠበቃህን አዩት። «ፊርማው የደንበኛህ ነው?» አሉት። ጫማውን እያየ «ነው» አለ። «መብራት ለማስቀጠል ያህል ነው የጻፈው» ብሎ ሊጨምር ሲል፣ «ለመብራት ሲሆን እውነት ተናግሯል ማለት ነው» አሉትና ችሎቱ ሳቀ። ሁለቱ ምስክሮችህ ከኋላ ወንበር ተነስተው ሲወጡ አየኋቸው። ወርክሾፑ ከነቦታው የኔ ነው።

ሆን ብለሽ ነው ብለሃል። እንግዲህ ልንገርህ። ስለ ፓምፑ አንዲት ቃል አልዋሸሁህም። ሦስት ጊዜ ነገርሁህ፤ ሦስቱም በእጄ ጽሑፍ እጅህ ላይ አሉ። ትንሹን ፓምፕ ብትቀበል ኖሮ ባለ ሦስት ፌዝ አትፈልግም ነበር፤ ያንን ወረቀትም ባልጻፍኸው፣ ወርክሾፑም ዛሬ ድረስ በቁልፍህ ሥር በሆነ። ግን አውቅሃለሁ። አብሮ አደጌ ነህ። ትንሹን ውሰድ የተባልኸውን ነገር አንድ ቀን ወስደህ አታውቅም። የመብራት ቢሮዋ ጸሐፊ የምትፈልገውን ስትነግረኝ፣ እንደምትጽፈው ያን ጊዜውኑ አውቄአለሁ። ደስ ብሎኛል። አማትህ አሸዋ እያራገፈ ሲወጣ ባየሁ ኖሮ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አንጀቴ ሲያርር ቆይቷል፤ አሁን ትንሽ በረድ አለልኝ።

ውኃውን በተመለከተ። ባለ ሦስት ፈረሱን ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ ለዘበኛህ አስረክቤዋለሁ። የማጣሪያውን አሸዋ ለወጥሁ። የአባቴን ፓምፕ፣ ያንን አሮጌ ቆርቆሮ ያልኸውን፣ ገጠምሁት። መርፌው አረንጓዴው ላይ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። በቀን ስምንት ሰዓት አሠራሁት። በአራተኛው ቀን ከጥልቁ ሥር ግንበኛው ሲሚንቶ ላይ የተወው የአውራ ጣት ምልክት ይታይ ነበር። ፎርማንህን ጠርቼ አሳየሁት፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

ከዚያ አጠፋሁት።

ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው፤ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ጀምሯል። ፓምፑ በኔ ክፍል ነው፣ መብራቱ በኔ ስም ነው፣ ማብሪያ ማጥፊያውም በኔ በኩል ነው። ሌላ ሰው ልከህ ሌላ ክፍል ልታሠራ ትችላለህ፤ ግን የሚስትህ ወንድሞች ከመድረሳቸው በፊት አይደርስልህም።

ገንዘብ አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ዳኛው ቦታውን መለሱልኝ፤ አባቴ እኔን ሳያምን ላንተ ሰጠ የተባለው ግን እስከ ዛሬ በሰው አፍ አለ። እሱን የሚመልሰው ያንተ እጅ ብቻ ነው። ለቤተ ዘመዱ ሁሉ በወርክሾፑ በር ላይ አንብቤ የምለጥፈው እንዲሆን፣ «አጎቴ ምንም አልሰጠኝም፤ ዋሽቻለሁ» ብለህ ጻፍልኝ። በደረሰኝ ሰዓት ፓምፑን አስነሳለሁ፤ እንግዶችህ ሲመጡም ውኃው ይጠራል።

በስልክ አትንገረኝ። በወረቀት ይሁን፣ ከነፊርማህ።

ብሎን